አሥራ አራቱ ላሞች

ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በጠረኑ ነው። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ከግድግዳው ጀርባ ጄኔሬተር ነበር፤ በተነሳ ቁጥር ጭሱ በላይኛዋ ቀዳዳ ይገባና ጣሪያው ሥር ጥቂት ቆይቶ ቀስ እያለ ይወርድብናል። ክፍሉ በእኔ እርምጃ ስድስት በአራት ነው። አንድ ባልዲ፣ አንድ የተቀደደ ምንጣፍ፣ የቆርቆሮ በር። ስገባ ጣሪያው ላይ ሁለት ሶላር አይቻለሁ፤ ሁለቱም አቧራ ለብሰዋል። ግቢው የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። የያዙኝ ሁለት ሰዎች የደንብ ልብስ አልነበራቸውም። መኪናው ከሞያሌ ወጥቶ ስንት ጊዜ እንደታጠፈ እየቆጠርኩ ነበር፤ ከሦስተኛው በኋላ ጠፋብኝ።

ምንጣፉ ላይ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ተቀምጧል። ከሐዋሳ ጭኖ ወደ ደቡብ ሲወርድ የተያዘ የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

«ምን አድርገህ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«እዚህ የሚገባ ሁሉ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ወረቀቴ ላይ ማኅተም ጎድሎ ነው። አንተስ ምን ጎደለህ?»

ቦታ ለቀቀልኝ፤ ተቀመጥኩ። የሆነውን ስነግረው ለራሴም ግልጽ የሚሆንልኝ መስሎኝ ነበር።

የተወለድኩት ኬንያ፣ ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ ናት፤ የቀረውን ከዕቃ መመሪያ ላይ ራሴ ተማርኩ። ሞያሌ በኬንያው በኩል ሬዲዮና ሶላር እጠግናለሁ። ዳበል በምትባል መንደር አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ አንድ ኩባንያ ትልቅ የሶላር ማመንጫ ሊተክል መጣና አጥሩ የሚያልፍበትን በችካል ምልክት አደረገ። አጥሩ ከብቶቹ ወደ ውሃ ጉድጓዱ የሚሄዱበትን መንገድ ይቆርጣል። ዝናቡ ዓመት ከዓመት ስለራቀ ከሩቅ የመጡ መንጎች ሁሉ የሚጠጡት ከዚያ ጉድጓድ ነው። የውሃውን ተራ የሚደለድሉት ሽማግሌ አስጠሩኝ። የአካባቢው ሹም ለባራዛ፣ ለሕዝብ ስብሰባ፣ ሲጠራን ማስረጃ እንዲሆን በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ እንድጽፍላቸው ነበር።

እናቴ ባስተማረችኝ የአማርኛ ፊደል ጻፍኩ። የአሥራ አራት ሰዎች ስም፣ እንደየተራቸው፤ ከስሙ ትይዩ ለአንድ ከብት አንድ ጭረት። «ከብት» የሚለውን ቃል ግን ሽማግሌው ከለከሉኝ። ጭረቱ ግድ የለም፤ የሰው ከብት ተቆጥሮ «ከብት» ተብሎ ከተጻፈ ግን ይቀሰፋል አሉ። ርዕስ የሌለው ሠንጠረዥ አይዋጥልኝም፤ ተከራከርኳቸው። አልሆነም። ባራዛው ሳይደርስ ችካሎቹ ተነቅለው ተገኙ፤ እኔም ደብተሬን እንደያዝኩ ተያዝኩ።

«ማን ነቀላቸው?» አለ ሹፌሩ።

«አላውቅም። ከአሥራ አራቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። አሥራ አራቱም ሊሆኑ ይችላሉ።»

«አንተ ልጅ፣ እንዲህ ብለህ ለእነሱ እንዳትመልስላቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። ጠረጴዛው ጀርባ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነበር፤ በስዋሂሊ ነው የሚያናግረኝ። አጠገቡ ኦቦ በምትባል መንደር ያደገ፣ ከገበያ የማውቀው ወጣት አስተርጓሚ ቆሟል። አማርኛ የለመደው ከነጋዴዎች ጋር ስለሆነ ይናገራል እንጂ ፊደል አያነብም።

«አሥራ አራት ሰው» አለ ባለሸሚዙ፣ ደብተሬን ገልጦ። «እያንዳንዱ ስንት ችካል እንደነቀለ በጭረት ጽፈሃል።»

«ከብት ነው አፋንዴ» አልኩት፤ እዚያ አለቃ የሚጠራው እንዲህ ነው።

«ከብት የሚል ቃል የታለ? አሳየኝ።»

ርዕሱ ሊሆን የነበረበትን ባዶ ቦታ በጣቴ አሳየሁት።

«ዓለም እየነደደች ነው» አለ። ጄኔሬተሩ ስለሚጮህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። «ድርቁ የሚገርፈው እናንተን ነው። መድኃኒቱን ስናመጣላችሁ ትነቅላላችሁ። ፀሐይን ለምን ትቃወማለህ?»

«አልቃወምም። እንጀራዬ ሶላር ነው።»

«ታዲያ ከማን ወገን ነህ?»

ይህን ጥያቄ አሁንም ብጠየቅ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ሶላሩ እንዲተከል እፈልግ ነበር። ከብቶቹ እንዲያልፉም እፈልግ ነበር። አንድ ላይ የማይሄዱ ነገሮች መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም።

«ስሞቹን አንብብ።»

«አላነብም» አልኩ። እምቢ ለማለት አስቤ አልነበረም፤ እንዲያው ወጣ።

ሰውየው አልተቆጣም። ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለው፤ እሱ ወጥቶ ሹፌሩን ይዞት መጣ።

«ይሄ ፊደል ታውቃለህ ወንድሜ?» አለው አስተርጓሚው። «አንብብ። ካነበብህ ዛሬ መኪናህ ጋ ትሄዳለህ።»

ሹፌሩ ደብተሩን ተቀበለ። ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ አራቀው፣ አቀረበው። አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። አሥራ አራት ቤቶች አንድ በአንድ ሲንኳኩ ይታየኝ ነበር።

«ቡሬ» ብሎ ጀመረ።

ቀና አልኩ።

«ዳለቻ። ቦራ። ሐመር። ወርቄ።» ጣቱን ከመስመር መስመር ያወርዳል። ስምንተኛው ላይ ቆመ፤ ያለቀበት መሰለኝ። «ትንሿ ቡሬ» አለ። «ሁለተኛዋ ዳለቻ።» እንዲህ እያለ አሥራ አራት አደረሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ባለሸሚዙ።

«የላም ስም ነው ጌታዬ» አለ ሹፌሩ። «ልጁ ውሃ ሲያጠጣ የጻፈው።»

«ጭረቶቹስ?»

«ጀሪካን ይሆናላ። ቡሬ ሠላሳ አንድ ጀሪካን ጠጥታለች።»

አስተርጓሚው ወዲያው አልተረጎመም። አባቱ ከብት እንዳላቸው አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ጀሪካን የምትጠጣ ላም በምድር ላይ የለችም፤ ሠላሳ አንድ ጀሪካን ስድስት መቶ ሃያ ሊትር ነው። ይህን ባለሸሚዙ አያውቅ ይሆናል። አስተርጓሚው ግን ያውቃል። ሹፌሩን እያየው ነበር፤ አፉን ሊከፍት ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ የተሳሳተ ቁጥር ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። ስለዚህ ነው እንዲህ የሆነው፤ ድፍረት አይደለም።

«ጀሪካን አይደለም» አልኩ በአማርኛ። «ተሳስቷል። ባለሁለት ሊትር ጣሳ ነው። ስልሳ ሁለት ሊትር። በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚጠጡት።»

አስተርጓሚው በስዋሂሊ ተረጎመው። ከዚያ ሳይጠየቅ የራሱን ጨመረ፦ «ልክ ነው አፋንዴ። የተጠማች ላም ይህን ያህል ትጠጣለች። እኛም ቤት ላሞቹ ሁሉ ስም አላቸው።»

ባለሸሚዙ ደብተሩን ዘጋው። ማመኑን ወይም አለማመኑን ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም።

ክፍላችን ስንመለስ «ጋሼ፣ ከብት አጠጥተህ አታውቅም?» አልኩት።

«እኔ የማጠጣው ራዲያተር ነው።»

«ለምን እንዲህ አደረግህ?»

«የሰዎቹ ስም ረጅም ነው፤ ምላሴን ያዘኝ» አለና ተጋደመ። ከሰዓት በኋላ መጥተው ወሰዱት። ወደ መኪናው ይሁን ወደ ሌላ ቦታ አልነገሩኝም። ሲወጣ ምንጣፉን አራግፎ ባልተቀደደው በኩል አነጠፈልኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ጸሐፊ ወረቀት አምጥቶ «ፈርምና ውጣ» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር አለ፤ ስሜ፣ የምኖርበት፣ ሦስተኛው ደግሞ «የፀሐይ ኃይልን የሚቃወም» ይላል። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ሦስተኛውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩት። መስመሩ እንዳይጣመም የጸሐፊውን ሌላ ወረቀት ጠርዝ እንደ ማስመሪያ ተጠቀምኩ።

«ይህ ምንም አይለውጥም» አለኝ ጸሐፊው።

«ገብቶኛል» አልኩና ፈረምኩ። ደብተሬን አልመለሱልኝም።

ከአሥራ አራቱ ማንም አልተያዘም። አጥሩ በዓመቱ ተተከለ፤ ነገር ግን በከብቶቹ መንገድ ላይ ሃያ ሁለት እርምጃ ክፍት ተትቷል። ለምን እንደተተወ ሦስት ሰዎች ጠይቄ ሦስት የተለያየ መልስ አገኘሁ። አንዱ ሽቦው አልቆባቸው ነው አለኝ። ሹፌሩን በጉምሩኩ ሰልፍ ላይ አሁንም እፈልገዋለሁ፤ ስሙን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

ባለፈው ወር ዳበል ሄጄ ለሽማግሌው ሁሉንም ተረክሁላቸው። በዝርዝሩ ላይ ስማቸው ሁለተኛ ነበር። ሳይስቁ ሰሙኝ።

«እኔን ምን ላም አደረገኝ?» አሉ።

«ዳለቻ።»

ትንሽ አሰቡ።

«ትታለባለች?»

«እሱን አላነበበውም አባ» አልኳቸው።