ልደታቸው ያልተጻፈ ሰዎች

በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከዓይን ክፍሉ በላይ ባለችው ጠባብ ቢሮ የሚሠራውን ሰው ባልደረቦቹ «ፈዛዛው» ይሉታል። ክፉ አስበው አይደለም። ሰላምታ የሚሰማው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ሻይ አዝዞ ሻዩን ይረሳል፤ ደረጃ ሲወርድ አንድ ፎቅ አልፎ ይወርድና ምድር ቤት ቆሞ ምን ፍለጋ እንደመጣ ያስባል። ደግነቱ ሥራው ከመፍዘዙ ጋር ተስማምቶለታል። የሕሙማኑ መዝገብ ከወረቀት ወጥቶ ክላውድ ላይ ወዳለ ዳታቤዝ ሲዛወር፣ የማደራጀቱ ኃላፊነት ለእሱ ተሰጠው።

መዝገቡን ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ስድሳ ሺህ ሰው የሚኖርበት፣ ጉም የለበሰ ከተማ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሰነድ አለው። አንዱ ስልክ ቁጥር አለው፣ ሌላው የለውም፤ የአንዱ ታሪክ ገጽ በገጽ ይቀጥላል፣ የሌላው ስምና ሰፈር ብቻ ነው። እንደ ድሮው ፎርም ሁሉም እኩል ይሙላ የሚል የለም። ፈዛዛው ይህን ነፃነት ይወደው ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስታርፍ፣ በዚያ ከተማ ውስጥ ቀስ እያለ ሲዘዋወር፣ በየደጁ ቆም እያለ ሲያዳምጥ ይውላል። ለሚያየው ሰው፣ ደመወዝ እየተከፈለው የሚተኛ ይመስል ነበር።

ያስቸገረው አንድ ጥያቄ ነው። የዓይን ሐኪሟ ሰኞ ሰኞ፣ የሞራ ቀዶ ሕክምና ከሚጠባበቁት ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡትን ሃያ ሰዎች ትፈልጋለች። ዳታቤዙ ይህን ለመመለስ የስድሳ ሺውን ሰው ደጅ አንድ በአንድ ያንኳኳል፤ አንዳንዴም ደክሞት መሀል መንገድ ላይ ይተወዋል። ፈዛዛው ሁለት ሳምንት አሰበበት። ያስፈለገው ኢንዴክስ ነበር፤ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንዳለው ማውጫ፣ ከሰነዶቹ ተለይቶ አስቀድሞ የተደረደረ ዝርዝር። ትልቁ ነገር የድርደራው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ በልደት ቀን ቢደረድር፣ ሞራ ያለበትን ከሌለበት ለመለየት ያው ሁሉንም ማለፍ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተጠባባቂዎቹን ለብቻ ለየ፣ ከዚያ እነሱን በልደት ቀን ደረደረ። ሰኞ ሐኪሟ ስትጠይቅ ሃያው ስም በዓይን ጥቅሻ ወጣ። ያን ቀን ፈዛዛው ሻዩን ትኩሱን ጠጣ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር። የካርድ ክፍል ሠራተኞች ልደቱን የማያውቅ ሰው ሲገጥማቸው የዓመቱን የመጀመሪያ ቀን ይጽፉለታል። መዝገቡን ላየው፣ የከተማው ሽማግሌ ሁሉ ባንድ ጀንበር የተወለደ ይመስላል። ፈዛዛው ይህን ሲያይ፣ ተቆጥቶ የማያውቀው ሰው ተቆጣ። ካላወቃችሁ አትጻፉ፣ ውሸት ከሚገባ ባዶ ይሁን አላቸው። የተጻፈውንም የውሸት ቀን ሁሉ ከመዝገቡ ፋቀ።

በዚህ ደንብ መጀመሪያ የተመዘገበችው አክስቱ ናት። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው፣ ዕድሜዋን በሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጥቶ፣ ክሩን መርፌ ውስጥ የምታስገባው በጣቷ እየዳበሰች ሆኗል። ሊመዘግባት ቁጭ ብሎ ልደቷን ሲጠይቃት፣ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፣ እንዴት አስታውሳለሁ አለችው። ሳቀና ባዶ ተወው። እውነት ለመናገር ትንሽ ኮራም፤ ለዘመድ ብሎ ደንብ የማያጎድል ሰው መሆኑን ለራሱ አሳየ።

ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ሄደ። ሰኞ ሰኞ ከሥራ ሲመለስ «ተራዬ ደረሰ?» ትለዋለች። የሚቀድሙሽ ሰዎች አሉ እትዬ፣ ይደርሳል ይላታል። ስሟ የት ላይ እንዳለ አላየም። ማየት ለዘመድ ማድላት መስሎት ነው እንጂ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። እሷ መጀመሪያ ስፌቱን ተወች፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ መሄድ ጀመረች። አንድ ጠዋት፣ ፀሐዩ ጠረጴዛውን ሞልቶት ሳለ፣ መብራቱን ለምን አላበራህም አለችው። ፈዛዛው ዳቦውን አስቀመጠ። ከዚያ ሄዶ ማብሪያውን ጫን አደረገውና አበራሁት አላት።

በዚያው ሳምንት የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። ጉልበታቸው ደረጃ ስለማይወድ ወጥተው አያውቁም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ሠላሳ ዓመት ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ በሽተኛውን ከፊቱ ይልቅ በአመጣጡ ያውቁታል።

«እኔ የምለው» አሉት፣ «እነዚያ ልደታቸውን የማያውቁት ሽማግሌዎች የት ገቡ? ከመጣህ ወዲህ አንድም ለሞራ የተጠራ አላየሁም።»

«ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው፤ ልደታቸው ባዶ ስለሆነ...» ብሎ ጀመረ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። የኛ ወረቀት ይዟቸው ነበር» አሉት።

ፈዛዛው ክው አለ። ኢንዴክሱ የሚደረድረው በልደት ቀን ነው፤ ልደት የሌለው ሰነድ ደግሞ እዚያ ኢንዴክስ ውስጥ ጭራሽ አይገባም። መጨረሻ ላይም አይቀመጥ፣ ስህተት አለ ብሎም አይጮህ። ሰውየው መዝገቡ ውስጥ አለ፤ በዚያ በኩል ለሚጠይቅ ግን የለም። ይህን ትምህርት ቤት ተምሮታል፣ ፈተና ላይም መልሶታል። በእጁ ሲቆጥራቸው ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኑ። ከነሱ አንዷ አክስቱ ነበረች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፣ የፈሰሰው ሰው ሆነበት እንጂ።

እርማቱ ራሱ ሁለት ቀን አልፈጀም። ለእያንዳንዱ ሰነድ ሳይሞላ የማይታለፍ «የዕድሜ ግምት» የሚል ቦታ ጨመረ፣ ኢንዴክሱንም በሱ እንደገና ሠራው። ግምቱን የሞሉት ኃላፊዋ ናቸው። ስልክ እየደወሉ፣ ድልድዩ ሲሠራ አግብተው ነበር? የበኩር ልጅዎ አሁን ስንት ዓመቱ ነው? እያሉ ዕድሜውን ከወሬው ውስጥ ለቅመው ያወጡታል። ፈዛዛውም አጠገባቸው ተቀምጦ እኩሌታውን ደወለ። አንድ ቤት የሴት ልጅ ድምፅ መለሰለት። አባቷን ለሞራ ሕክምና እንደሚፈልጋቸው ነገራት።

«አባባ እኮ አረፉ» አለችው። «ይደውላሉ እያሉ ስልኩን ትራሳቸው ሥር አድርገው ነበር የሚያድሩት።»

ይቅርታ አላት። ስልኩን ዘግቶም ለረጅም ጊዜ በዚያ ጉም በለበሰ ከተማ ውስጥ፣ ቁጥር ባልተለጠፈባቸው ደጆች መካከል ቆመ። በሁሉም ደጅ ላይ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ወደ መንገዱ እያዩ ነበር፤ እሱም ስምንት ወር ሙሉ በፊታቸው ሲመላለስ አላያቸውም።

የአክስቱ ተራ አርባ ሦስተኛ ሆነ። ወደ ፊት አላመጣትም፤ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ጠበቀች። ሐኪሟ ከቀዶ ሕክምናው ወጥታ ኮሪደሩ ላይ አገኘችውና፣ ቀኙ መልካም ነው፣ ግራው ግን ሞራው በጣም ስለቆየ የዓይኑ ግፊት ጨምሮ ነርቩን ጎድቶታል አለችው። ከጥቂት ወራት በፊት ብትመጣ ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ ነበር አለችና፣ ይህን ለጥፋተኛው ለራሱ እንደተናገረች ሳታውቅ ሄደች። ፈዛዛው ምድር ቤት ድረስ ወረደ። በዚህ ጊዜ ለምን እንደወረደ ያውቅ ነበር፤ ማንም በሌለበት አለቀሰ።

ፋሻው በተነሣ ዕለት ጠዋት አክስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መስኮቱን አየች። የነርሷን ጋዋን ቁልፎች አንድ ሁለት እያለች ቆጠረች። መጋረጃውን ሳብ አድርጋ ጠርዙን መረመረችና፣ ይህን የሰፋ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል አለች። ነርሷ እየሳቀች ወጣች። ፈዛዛው በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በዝምታው ሊያልፈው ይችል ነበር፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

«ሐኪሟ ማሽኑ ረስቶሽ ነው አለችኝ» አለች አክስቱ። «ማሽን ይረሳል እንዴ?»

«አይረሳም እትዬ» አላት። «እኔ ነኝ። ልደትሽን ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ፤ ባዶውን የማያይ ዝርዝር የሠራሁትም እኔው። ግራ ዓይንሽ የጠፋው በኔ ነው።»

መጋረጃውን ለቀቀችው። በኮሪደሩ አንድ የሚገፋ አልጋ እየተንኳኳ አለፈ። ከዚያ በእጇ ፍራሹን መታ መታ አድርጋ አጠገቧ ቦታ አሳየችው። መጥቶ ተቀመጠ፤ አገጩ ግን ደረቱ ላይ እንደነበረ ነው።

«ቀና በል» አለችው። «ይህን ሁሉ ጊዜ ፊትህን አላየሁም። አሁን ደግሞ አንተው አትሸሽገኝ።»

ቀና አለ።