የእህቴ ካሜራ

ሥራዬ ወረፋ ማስያዝ ነው። ሲያትል ውስጥ ለአንድ የኢንተርኔት አቅራቢ እሠራለሁ። አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ፊልሙን ከፍቶ መስመሩ ሲጨናነቅ፣ የቱ ቶሎ ይለፍ፣ የቱ ይቆይ የሚለውን መመሪያ ማሽኖቹ ላይ የምንጭነው እኛ ነን። ድምፅ ይቀድማል፤ ቪዲዮ ሆዳም ስለሆነ ይጠብቃል። ደንበኛው ይህን አያውቅም፤ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል፣ ልጆቹን ይቆጣል። ወዳጆቼ ሲጠይቁኝ እኔም "ኔትወርክ ነው" ብዬ አልፋለሁ። እንደ ኔትወርክ የሰውን ጥፋት ሁሉ ዝም ብሎ የሚሸከም ነገር አላየሁም።

ስለዚህ ታላቅ እህቴ ከአገር ቤት "ቪዲዮው እምቢ አለኝ፣ ኔትወርኩ ደካማ ነው" ስትለኝ ወዲያው አመንኳት። እናታችን ታማ እሷ ቤት ነበረች። ቀድሞ በየሳምንቱ ካሜራውን አዙራ ታሳየኝ ነበር፤ አሁን ድምፅ ብቻ ሆነ። አገናኚኝ ስላት አንዴ "ተኝታለች"፣ አንዴ "ጠበል ወስደዋታል" ትለኛለች። ናፍቆቱ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ከሥራ ወጥቼ ሾርላይን ቤቴ እስክደርስ ባቡሩ ውስጥ የማስበው የእናቴን ፊት ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ የባዕድ ሰው መስመር ሳቃና እየዋልኩ የገዛ እናቴን ማየት ያቅተኝ? ተናደድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያ ሲመሽ፣ ደወልኩላትና የመስመር መፈተሻ ሊንክ ላክሁላት። ምን እንደሆነ አልገባትም፤ "እሺ ወንድሜ" ብላ ተጫነችው። ውጤቱ እኔ ኮምፒውተር ላይ መጣ። መንገድ ላይ የሚጠፋ መረጃ የለም፣ የሚዘገይ የለም። ቪዲዮ ቀርቶ ሙሉ ሠርግ በቀጥታ ያስተላልፋል።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ስፒከር እንደተከፈተ ነበር። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

"ሶ መስመሩ ፐርፌክት ነው! ታዲያ እትዬ ለምንድን ነው ካሜራውን ኦፍ የምታደርገው?"

ባለቤቴ ዕቃ ታጥብ ነበር። ውሃውን ዘጋች፤ አልዞረችም።

"ጥቁር ስለለበሰች ነው" አለች። "ነገ በማለዳ ከሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር ያገራችን ሽማግሌዎች ሊመጡልህ ነበር። እስከዚያ እንዳልነግርህ አስምለውኛል።"

መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ ከጎን ተቀምጦ፣ እጅ ይዞ ነው። እኔም ለሌሎች እንዲሁ አድርጌያለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ሁሉንም ጠላኋቸው፤ ሚስቴንም፣ እህቴንም፣ መንገድ ላይ አግኝተውኝ "እናትህ እንዴት ናቸው?" ሳይሉ ያለፉትን ሽማግሌዎችም። ስንት ጊዜ ለሞተች እናቴ "ሳሚልኝ" ብያለሁ!

እህቴ ከማዶ ሰምታለች። መጀመሪያ ትንፋሿ ብቻ ተሰማ፤ ከዚያ ጮኸች። መስመሩ ንጹህ ነበርና፣ ለቅሶዋ አንድም ጊዜ ሳይቆራረጥ ሳሎናችን ገባ።