ዜሮ ያመጣም ፓስ

ሚሌኒየሙ በተከበረ በማግስቱ ዓመት መሥሪያ ቤታችን አዲስ የመዋቅር ጥናት መጣና የጸሐፊነት መደብ ከእንግዲህ ዲፕሎማ ይጠይቃል ተባለ። ያኔ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ታይፒስት ነበርኩ። በአሥሩም ጣቶቼ፣ ቁልፎቹን ሳላይ ነው የምጽፈው። ደብዳቤዬ ላይ ስህተት አግኝቶ የመለሰልኝ ኃላፊ ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምር አንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ለመማር ስመዘገብ ብዙም አልፈራሁ።

ከዚያ ፕሮግራሚንግ የሚባለው ትምህርት መጣ።

ላብ የሚሉት የኮምፒውተር ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ያለችው አንዲት ቬንትሌተር ደግሞ የአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ነበረች። አስተማሪያችን ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው፤ በዕድሜ ብበልጠውም ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። ፈጥኖ ይናገራል፣ ንግግሩም ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። እኔ አፌን የፈታሁት መንደራችን ኦቾሎ ላይ በጋሞኛ ነው፤ አማርኛውን ስይዝ እንግሊዝኛው ያመልጠኝ ነበር።

የመጀመሪያው ልምምድ ስማችንን ስክሪኑ ላይ ማስጻፍ ነበር። ስድስት መስመር ብቻ። ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ፤ ኮምፒውተሩ ግን አልቀበልም አለ። አስተማሪው መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ሰሚኮለን የታለ?»

«የት ጋ?»

«መስመሩ መጨረሻ ላይ ነዋ! ታይፒስት አይደለሽ እንዴ? ዓረፍተ ነገር ያለ አራት ነጥብ ትጨርሻለሽ?»

ክፍሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አራት ነጥብ ረስቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ያችን ነጥብና ጭረት ያላት ምልክት ረሳች እንዳልባል ለራሴ ማልኩ።

አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ስለነበር ለእኔ የደረሱኝ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው የሒሳብ መምህር ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር። ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ አላቸው፤ ቅዳሜ ማለዳ ውሃ ሲያጠጡ ቆይተው ጫማቸው ጭቃ እንደነካው ይመጣሉ። ወረቀት ላይ የማይገባቸው ነገር የለም፤ ኪቦርዱ ላይ ግን አንዲት ፊደል ፍለጋ በአንድ ጣት ሲዞሩ ይውላሉ።

«በይ ልጄ፣ እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ» አሉኝ።

እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እሳቸው ያላሉትን አንዲት ነጥብ አልጨምርም። ተጋማሽና ኢ-ተጋማሽ ቁጥር የሚለየው፣ ከሦስት ቁጥር ትልቁን የሚመርጠው፣ ሁሉም ልምምዳችን ከሌሎቹ ቀድሞ ሠራ። ሁለት ወር ሙሉ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። የተረዳሁት አንድም ነገር እንደሌለ የገባኝ አስተማሪው ተማሪውን ለሁለት ከፍሎ «ከዛሬ ጀምሮ ለየብቻ» ያለ ቀን ነው። ጋሼን የከሰዓቱ ቡድን ውስጥ አስገባቸው።

ብቻዬን የተሰጠኝ ልምምድ ቀላል የሚባል ነበር። ፕሮግራሙ የፈተና ውጤት ይቀበላል፤ ሃምሳና ከዚያ በላይ ከሆነ «ፓስ» ብሎ ይጽፋል፤ ካልሆነ ዝም ይላል። ጻፍኩት። ኮምፒውተሩ ምንም ስህተት አልቆጠረብኝም። ሰማንያ ብዬ አስገባሁ፤ ፓስ አለ። ደስ አለኝ። አሥራ ሁለት አስገባሁ። ፓስ። ዜሮ አስገባሁ። ፓስ!

አጠገቤ ያለችው ልጅ አይታ በሳቅ ፈረሰች። «እህቴ፣ ባለፈው የወደቅኩበትን ሒሳብም እባክሽ አስገቢልኝ» አለች። በየተራ እየመጡ ውጤታቸውን አስገቡ፤ ሁሉም አለፉ። አብሬያቸው ለመሳቅ ሞከርኩ፣ እንባዬ ግን ቀደመኝ።

አስተማሪውን ጠራሁት። ከኋላዬ ቆሞ አንዴ በዓይኑ ገረፍ አደረገውና «ሎጂክሽን ፈትሺ» ብሎኝ ሄደ። ሎጂክ ምን እንደሆነ ባውቅ መች እጠራው ነበር?

በቀጣዩ ቅዳሜ ሙሉውን አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት። ያው ነው። «ይበልጣል» የሚለውን ምልክት ወደ «ያንሳል» ገለበጥኩት፤ አሁንም ሁሉም ያልፋል። ሃምሳውን ዘጠና አደረግኩት፤ ዜሮው አሁንም ያልፋል። ገና እየሞካከርኩ መብራት ጠፋ፤ ስክሪኑ ጨለመ፣ ሴቭ አላደረግኩም ነበር። ቤት ስገባ ባለቤቴ «እንዴት ዋልሽ?» ቢለኝ ቀጥ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ መማሩን ለመተው ቆርጬ ነበር። ከመተዌ በፊት ግን እንደገና ጻፍኩትና የቢሮ ደብዳቤ በማርምበት መንገድ አረምኩት። አንድ ጽሑፍ በጣም ሲያስቸግረኝ ከታች ወደ ላይ ነው የማነበው፤ ከላይ ከጀመርኩ ዓይኔ የለመደውን እየዘለለ ያልፋል። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ አንድ በአንድ ወጣሁ። ሃምሳውን የሚጠይቀው መስመር ጋ ስደርስ መጨረሻው ላይ ሰሚኮለን አለ። ለምን እንዳደረግኩት ራሴን ጠየቅኩ፤ የመጀመሪያው ቀን ስድብ እንዳይደገምብኝ ብዬ ነው። አጠፋኋት። አሥራ ሁለት አስገባሁ። ዝም አለ።

ጥያቄውን ራሴው በአራት ነጥብ ዘግቼው ኖሯል። ኮምፒውተሩ ሃምሳ መሙላት አለመሙላቱን ይጠይቃል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ የሚቀጥለው «ፓስ» የሚለው መስመር ማንንም ሳይለይ ለሁሉም ይሠራል።

አስተማሪውን ጠርቼ አሳየሁት።

«ኦ! ይቺማ የታወቀች ስህተት ናት» አለ። «ሁሉም ጀማሪ ይሠራታል።»

«የታወቀች ከሆነች ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አላየኋትም» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ለአንድ አፍታ አዘንኩለት፤ አርባ ተማሪ ብቻውን ነው የያዘው። ግን ንዴቴ አልበረደም። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ራሴን ደደብ ስል ከርሜያለሁ።

ያን ቀን ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይቶ «አሁንም እምቢ አለ?» አለኝ።

«ሠራ።»

«እና ምን ሆነሽ ነው?»

«በአንዲት ነጥብ! በአንዲት ነጥብ ነው ያቃጠለኝ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ምንም ባላደረገው ሰው ላይ። ምሳዬን አቀረበልኝና አጠገቤ ተቀመጠ።

ትምህርቱን በሲ አለፍኩ። ጋሼ ኤ አመጡ፤ ሲያገኙኝ ግን የላብ ፈተናውን በአንድ ጣት ለመጨረስ ላብ እንዳጠመቃቸው ነገሩኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የሰሚኮለን ቀን በኋላም ነገሩ አልቀለለኝም። በሚቀጥለው ሳምንት የጀመርነው አሬይ የሚባል፣ ብዙ ቁጥር በተርታ የሚያዝበት ምዕራፍ ነበር፤ ለምን ተራ ቁጥሩን ከአንድ ሳይሆን ከዜሮ እንደሚጀምር እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ። አስተማሪው ለረጅም ጊዜ አስረዳኝ። አልገባኝም፤ ግን አልገባኝም ብዬ ነገርኩት፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።