በሰደፍ የተመታ ካስማ

ወንድምአገኘሁ ደሴ ከተማ ፒያሳ አጠገብ አልጋና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው። ደርግ ከወደቀ ወዲህ ግን ገበሬው የተሰነጠቀና የጎደጎደ የጠመንጃ ሰደፍ ሁሉ ለእሱ ያመጣል።

የቢስቲማው ገበሬ ሀፊዝም አንድ ጠመንጃ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። የሰደፉ ግርጌ ተቀጥቅጦ ጎድጉዷል።

«ምን አገኘው?»

«የሠርግ ድንኳን ስንተክል መዶሻ አጣንና ካስማውን በሱ መታሁት። ጠመንጃው የታላቅ ወንድሜ ነው፤ ካወቀ ደጁንም አያስረግጠኝ፣ ወላሂ!»

የወንድምአገኘሁ ደም ፈላ። «ቢባርቅስ ኖሮ? ሙሽራውን ልትቀብሩ ነበር?»

«ጥይት አልጎረሰም ነበር ጋሼ። ብቻ አንድም ጉድጓድ እንዳይቀርብኝ፣ ልስልስ ያድርጉልኝ።»

«ጭራሽ ልስልስ! እሱ አይደል የሚያጋልጥህ? ይሄ የጠቆረው የወንድምህ የቆየ ጉድጓድ ነው፤ የእጁን ወዝ ጠጥቷል። ነጣ ነጣ ያሉት ያንተ ናቸው። ሁሉንም ባጠፋው የማን ጠመንጃ አመጣህ ይልሃል። ተሸክመኸው ስትዞር ይሄን ጥቁር አንድ ቀን እንኳ አላየኸውም?»

ሀፊዝ ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ጉድጓድ አየው።

ወንድምአገኘሁ እየተነጫነጨ ነጣ ያሉት ላይ እርጥብ ጨርቅ አነጠፈና የጋለ የከሰል ካውያ አሳረፈበት። እንፋሎቱ ሲገባ የሰረጎደው እንጨት ቀስ እያለ አብጦ ተነሳ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርጎ ዘይት አጠጣው። ጥቁሩን አልነካውም።

ሀፊዝ በጣቱ ዳሰሰው፤ የካስማው ምልክት የለም። «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ!»

«ቆይ!» ወንድምአገኘሁ ከሳጥኑ አሮጌ መዶሻ አውጥቶ አስታቀፈው። «ካስማ የሚመታው በዚህ ነው። ሁለተኛ እንዲህ አድርገህ ብታመጣው ለወንድምህ የምነግረው እኔው ራሴ ነኝ!»