ባዶው የወንዶች ዓምድ

ሚዛን ተፈሪ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ደም የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ የት እንደሆነ ጠየቅኩ። ዋና ነርሷ ሲስተር አበበች ሳቀችብኝ። «የእኛ ደም በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ወንድሜ። ሲቸግርህ ሰው ልከህ ታስጠራዋለህ» አለችኝ።

ስለዚህ ለጋሾችን መመዝገብ ያዝኩ፤ ስም፣ ቀበሌ፣ የደም ዓይነት። በየወሩም ወደ አዲስ አበባ ሪፖርት እልካለሁ፤ ስንት ሕመምተኛ ደም እንዳስፈለገው፣ ስንት ለጋሽ እንደተገኘ፣ ወንድና ሴት በየዓምዱ። መጀመሪያ የማይረባ ወረቀት ነበር የመሰለኝ። በኋላ ግን ደም አጥተው የሞቱብንን እናቶች ቁጥር አዲስ አበባ ያሉት አይተው የደም መለያ ፈሳሽና ጠርሙስ ጨመሩልን። ከዚያ ወዲህ ሪፖርቱን አንድ ቀን አላሳደርኩትም።

በደርግ ጊዜ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሲጀመር ወጣቱ ሁሉ ቡና ጫካ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። የቀበሌው ካድሬ ላቦራቶሪ መጥቶ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ።

«የደም ለጋሾች ዝርዝር አለህ አሉ። ጤነኞቹን መርምረህ ጨርሰህልናል ማለት ነው።»

«ጓድ፣ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ ልሰጥ አልችልም።»

«ፈቃድ!» ብሎ እየሳቀ ወጣ። መዝገቡን የሰገራ መመርመሪያ ዕቃ ካርቶን ሥር ደበቅኩት፤ ካድሬም ቢሆን እዚያ እጁን አይከትም።

በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት ከሸኮ በቃሬዛ መጣች። ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ባሏንም ወንድሟንም መረመርኩ፣ የሁለቱም አልገጠመም። የሷ የደም ዓይነት ኦ ነበር፤ ከኦ በቀር አይቀበልም። ቅርብ ያለው ባለ ኦ የሸዋ ቤንች መንደር ልጅ ኢሳያስ ነው፤ ከዚህ በፊትም ሰጥቶ ያውቃል። ሾፌራችንን ላክነው። እናቱ «ልጄ የለም» ስትል፣ ኢሳያስ ሰምቶ ከቡናው ራሱ ወጣ።

«ዶክተር፣ ማናት?» አለኝ። ለነሱ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«አታውቃትም። የሸኮ ሴት ናት።»

«ትተርፋለች?»

«ከፈጠንን።»

እጅጌውን ሰብስቦ ተጋደመ።

ጠርሙሱ እንደተጋመሰ ካድሬው ከሁለት ታጣቂዎች ጋር በሩ ላይ ቆመ። ዝርዝሩን ስከለክለው ሌላ ዘዴ አግኝቷል። ደም የሚያስፈልገው ሰው እስኪመጣ በር ላይ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረው።

«መርፌውን ከነቀልኩ ሴትዮዋ ትሞታለች» አልኩት።

«ማን ንቀል አለህ? ጨርስ። እኔ አልቸኩልም።»

ጠርሙሱ ቶሎ እንዲሞላም፣ ጨርሶ እንዳይሞላም ፈለግኩ። ኢሳያስ ጣሪያውን እያየ «ሙላው፣ ዶክተር» አለኝ። ሲያልቅ ስኳር የበዛበት ሻይ እንዲጠጣ ለመንኳቸው። ጠጣ። ከዚያ መኪና ላይ ጫኑት።

ሴትዮዋ ተረፈች። ኢሳያስ አልተመለሰም።

ወሬው በየመንደሩ ተዳረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ብናስጠራ የሚመጣ ወንድ ጠፋ። እኔና ሲስተር አበበች ወደ ሴቶቹ ሄድን፤ በየጸሎት ቤቱ፣ መስጊዱ አጠገብ፣ ገበያ ላይ ለመንን። «ሴት ደም ሰጥታ ምን ሊተርፋት ነው?» ያለን ብዙ ነው። እነሱ ግን መጡ።

ከወራት በኋላ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጣ። ሪፖርቶቼን ዘርግቶ «የወንዶቹ ዓምድ ባዶ ነው። መሙላት ረስተህ ነው?» አለኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

«አልረሳሁም። ወንዶች የሉም።»

እሱም በሩን አየ። እስክሪብቶውን ከደነና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዳለ ይሁን» አለኝ።

ዛሬ ሪፖርት ለምትሠሩ የምለው ይህን ነው፤ ባዶ ዓምድ ስታዩ ለመሙላት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ማን እንደጎደለ ጠይቁ።