«ኦቲዝም ነው» እያልኩ

ልጄ ኦቲዝም እንዳለባት ለደባርቅ ሰው ለማስረዳት ሁለት ዓመት ተጨቃጭቄያለሁ። «ቡዳ በልቷት ነው» ያለችኝን ጎረቤት ሰላምታ ነፍጌያታለሁ። «ዛር ነው» ያሉኝን የባለቤቴን አጎት በሰው ፊት አፋጥጫቸዋለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ክርክር አይደክመኝም።

ክርክሩን ካሸነፍኩ በኋላ ግን ሁሉን ነገር በዚያ ቃል መመለስ ጀመርኩ። ሆዷ ሲደርቅ ኦቲዝም፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣት ኦቲዝም። ምግብ እንደጎረሰች ድንገት ቀጥ ብላ፣ ዓይኗ አንድ ቦታ ተተክሎ ስትቀርም «በራሷ ዓለም ናት» እል ነበር። እናቴ «ይህስ ሌላ ነው፣ ስጠራት አትሰማኝም» ብትለኝ ተቆጣኋት። ዳግመኛ እንዳታነሳው አስጠነቀቅኋት።

በኅዳር፣ ለቅሶ ልንደርስ ከልጄ ጋር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚኒባስ ተሳፈርን። ዳባት ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ጭኔ ላይ እንደተቀመጠች ሰውነቷ ደረቀ። ከዚያ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ከንፈሯ ጠቆረ፣ አረፋ ደፈቀች። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ለሀጯ የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል ተብሎ ስለሚፈራ ተሳፋሪው እየተጋፋ ወረደ። አንዱ በመስኮት ክብሪት አቀበለኝ፤ የሚጥለው ሰው የክብሪት ጭስ ሲሸተው ይነቃል ይባላል። እኔ፣ የጎረቤቱን ወሬ ሁሉ ሳጣጥል የኖርኩት አስተማሪ፣ ክብሪቱን ጭሬ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩ። አልነቃ ስትለኝ ሌላ ጫርኩ። አስጠግቼ ስይዘው ጉንጯን አቃጠልኳት።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ አንድ ቄስ ሳይወርዱ ቀርተው ነበር። እጄን ያዙኝ።

«ክብሪቱን ጣይው የኔ ልጅ። በጎኗ እናስተኛት።»

ጋቢያቸውን አጥፈው ከራሷ ሥር አደረጉ። ለሀጯን በነጠላቸው ጠረጉላት። የእሳቸውም ልጅ እንዲህ እንደሚያደርገው፣ ኪኒኑን ካላቋረጠ ግን ደህና እንደሚውል በዝግታ ነገሩኝ። እኔ ግማሹን አልሰማሁም። ሞተችብኝ ብዬ ነበር። መንቀጥቀጡ ቆሞ ረጅም ትንፋሽ ስትስብ መልሼ አቀፍኳት። ሾፌሩ የቀረውን መንገድ እየከነፈ ዳባት ጤና ጣቢያ አደረሰን።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ምን እንደሆነች ሲጠይቀኝ አፌ የለመደውን መለሰ፤ ኦቲዝም አለባት አልኩት።

«እሺ፣ ኦቲዝሙን ሰማሁ» አለ። «የሚጥል በሽታም አብሮ ሊኖር ይችላል። ከዚህ በፊት ድንገት ቀጥ ብላ፣ ስትጠሯት የማትሰማበት ጊዜ ነበር?»

ልጄ አልጋው ላይ ተኝታለች። ካርዱ ላይ ለመጻፍ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ልዋሽ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ አሰብኩ።

«ዓመት አልፎታል» አልኩት።

«ማንም አላስተዋለም?»

«እናቴ አስተውላ ነበር። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አላየኝም። አቀርቅሮ ካርዱ ላይ ጻፈው።