የቴብሱ አዛዥ ሁለት ሴት ልጆች

ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ቀድሞ የሚቀበለኝ የአባቴ የምንሽር ማንገቻ ሽታ ነው፤ የቆዳና የቆየ ቅቤ ሽታ። ጠብመንጃው ከእጃችን ከወጣ ቆይቷል። ማንገቻውን ግን ማን ይፈልገዋል?

ያኔ ቢቸና ነበርን። አባቴ በአርበኝነት ዘመን ጦር የመሩ፣ ከድል በኋላ ግን ሹመቱ ለሌላ የሄደባቸው ሰው ነበሩ። ወንድ ልጅ አልወለዱም፤ ያለነው እኔና ታናሽ እህቴ ብቻ ነን። በአገራችን ደግሞ ጀግና ሲሞት ጠብመንጃውን አንግቶ በለቅሶው ፊት የሚወጣው ወንድ ልጁ ነው።

«ትልቋን ዳራት፤ ጠብመንጃህን አማችህ ይያዝልህ» እያሉ አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ከረሙ። እኔ ሞጣ ሄጄ ትምህርቴን መቀጠል ነበር ምኞቴ። አባቴ እሺም እምቢም አላሉም፤ ይህ ከአጎቴ ንግግር ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ በበሩ ገብታ መደቡን አቅልታው ሳለ፣ ምንሽሩን እየወለወሉ «ዛሬስ ምን ተማርሽ?» አሉኝ። የታሪክ አስተማሪያችን የነገረንን የጥንት ግሪክ ሰው፣ የቴብስን የጦር አዛዥ አወራኋቸው። ስፓርታ የምትባለውን አይደፈሬ አገር ሌውክትራ በተባለ ቦታ ድል መታ። በኋላ አዛዥነቱን ቢነሡት ሳያኮርፍ ተራ ወታደር ሆኖ ዘመተ።

የአባቴ እጅ ቆመ። «ተራ ወታደር ሆኖ? ወንድ ነው!»

ወደ ሹመቱ ተመልሶ ማንቲኔያ ላይ ሲዋጋ ጦር ደረቱ ላይ ተሰካ። ጦሩ ከተነቀለ እንደሚሞት ያውቃል፤ ድሉ የእነሱ መሆኑን ሲሰማ ግን «በሉ ንቀሉት» አለ። ወዳጆቹ ልጅ ሳትተካ ልትሞት ነው ብለው ሲያለቅሱ፣ «ሁለት ሴት ልጆች ትቻለሁ፤ ሌውክትራና ማንቲኔያ፣ ሁለቱ ድሎቼ» አላቸው።

«አይ ምስኪን!» አሉ አባቴ። «ድል ያለቅስለታል? ድሉንማ እኔም አይቼዋለሁ። የኔዎቹ ነፍስ አላቸው።»

አጎቴ ሲመጡ፣ «ጋሼ፣ ልጅቷ ሞጣ ትሄዳለች» አሏቸው።

«ለቅሶህስ?»

«ጠብመንጃውን ሁለቱ ልጆቼ ይያዙት።»

አጎቴ የያዙትን ጠላ ሳይጨርሱ ወጡ።

አባቴ ያረፉት ሞጣ ሳለሁ ነው። ለቀብሩ ደረስኩ። እህቴ ፈረሳቸውን ስትስብ እኔ ምንሽሩን አንግቼ ለቅሶው ፊት ወጣሁ። አልቃሿ ግጥሟን አቋረጠች። ጠብመንጃው ከበደኝ፤ ማንገቻው ለኔ ረዝሞ ሰደፉ ጉልበቴን ይመታኝ ነበር። አጎቴ ሰዉን ሰንጥቀው ወደ እኔ መጡ። ሊነጥቁኝ ነው ብዬ ጨበጥኩት።

ጎንበስ ብለው ማንገቻውን አሳጠሩልኝ። ከዚያ ከኋላዬ ሆነው «ወንድሜን!» እያሉ ያለቅሱ ጀመር።

ዘለበቱ ዛሬም እሳቸው ባስገቡት ቀዳዳ ላይ ነው። አላላሁትም።